አምስተኛ ወንጌላዊ የለም፣ አራተኛ ጤፍ ግን አለ

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር አንድ የእህል መደብር አለ። ባለቤቱ ከእናቴ ጋር የማርያም ማኅበር የሚጠጡ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወር በገባ በ21፣ ተራው የእኛ ቤት ነበር። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ወደ እኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ይሄ የዱቤ ደብተር ሰለቸኝ። አንተ ኮምፒውተር አይደል የምትሠራው? እስቲ አንድ ነገር አብጅልኝ» አሉኝ።

«እሺ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አልኩ። በሁለት ሳምንት ሠርቼ ሰጠኋቸው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከእሷ በፊትም በኋላም ትልልቅ ሥራ ሠርቻለሁ። እንደ እሷ ያስተማረኝ ግን የለም።

መደብሩ ውስጥ ያን ጊዜ የሚሸጠው ጤፍ ሦስት ዓይነት ነበር። ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። ጆንያዎቹ አፋቸውን ከፍተው በር ላይ ተደርድረዋል። ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው። ቤቴ ገባሁ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ኢነም ጻፍኩ።

ፕሮግራም ለማትጽፉ ትንሽ ላስረዳ። ኢነም ማለት ኮዱ ውስጥ የሚጻፍ የተዘጋ ዝርዝር ነው። «የጤፍ ዓይነት ማለት ነጭ ወይም ሰርገኛ ወይም ቀይ ነው፤ ከእነዚህ ውጪ የለም» ብሎ ለኮምፒውተሩ መንገር ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱ ውስጥ ተሳስቼ «ነጪ» ብዬ ብጽፍ ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ኮምፓይለር አላሳልፍም ይለኛል። ስሕተቱ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ በር ላይ ይያዛል። ኢነምን የምወደው ለዚህ ነው። ዛሬም እወደዋለሁ።

ሌላው መንገድ ክፍት ዝርዝር ነው። ዓይነቶቹ ኮድ ውስጥ አይጻፉም። ዳታቤዝ በሚባለው የመረጃ ማከማቻ ውስጥ አንድ ቴብል (ሠንጠረዥ) ላይ ይቀመጣሉ። ተጠቃሚው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ይጨምራል፣ ስም ይቀይራል። ኮዱ ስንት እንደሆኑ አያውቅም። ምን እንደሚባሉም አያውቅም።

እኔ የተዘጋውን መረጥኩ። ለምን? ሦስት ጆንያ ስላየሁ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አምስት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ሐሙስ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ማኛ አስመጣሁ። የት ላይ ነው የምጽፈው?» ማኛ ከጤፍ ሁሉ ነጩም ውዱም ነው። ማታውኑ ኮዱን ከፈትኩ። ማኛ ከሁሉም ስለሚበልጥ ከነጭ በላይ፣ ዝርዝሩ አናት ላይ አስገባሁት። ከውድ ወደ ርካሽ ሲደረደር ለዓይንም ያምራል። አሻሻልኩና ላክሁላቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ እንደገና ደወሉ። «ቶሎ ና» አሉ፤ ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ከማራኪ ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ገበያው ሞልቷል። መደብሩ በር ላይ ከአዘዞ የመጡ አንድ አባት ቆመዋል። ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው። «እኔ የወሰድኩት ሰርገኛ ነው። ነጭ ጤፍ ከዚህ ቤት ወስጄ አላውቅም» ይላሉ። ኮምፒውተሩ ነጭ ይላል። 50 ኪሎ ነጭ። ዋጋውም የነጭ ነው። እትዬ እኝህን ሰው 20 ዓመት ያውቋቸዋል። ሰውየው አልጮኹም። ከመጮኽ የከፋ ነበር። ዝም ብለው እትዬን ያዩ ነበር።

እትዬ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አሮጌውን ደብተር አወጡ። ለካ አላቋረጡትም። እኔ ሳላውቅ አምስት ወር ሙሉ ሁለቱም ላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ገጹን ገለጡ። ሰርገኛ ይላል፣ በራሳቸው እጅ። «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» አሉና ከመቀመጫቸው ተነሡ። በእኔ ጥፋት እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ። ያ ቀን ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

የሆነው ይህ ነው። ኢነም ውስጥ እያንዳንዱ ስም ተራ ቁጥር አለው፤ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ነጭ 0፣ ሰርገኛ 1፣ ቀይ 2። ፕሮግራሟን በጻፍኩበት ቋንቋ፣ ጃቫ ላይ፣ ከዳታቤዝ ጋር ለመነጋገር ጄፒኤ የሚባል ነገር እንጠቀማለን። ጄፒኤ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ዳታቤዙ ውስጥ ስሙን አያስቀምጥም። ተራ ቁጥሩን ነው የሚያስቀምጠው። እኔም ምንም አልነገርኩትም። ስለዚህ የአዘዞው አባት ሰርገኛ «1» ተብሎ ተቀምጧል። እኔ ማኛን አናት ላይ ሳስገባ ሁሉም አንድ ደረጃ ወረደ። ማኛ 0፣ ነጭ 1፣ ሰርገኛ 2፣ ቀይ 3። ዳታቤዙ አልተነካም። «1» እንደነበረ አለ። ትርጉሙ ግን ተለወጠ። ሰርገኛ የወሰደ ሁሉ ነጭ የወሰደ ሆነ፤ ቀይ የወሰደ ሰርገኛ፤ ነጭ የወሰደ ማኛ። በአንድ ሌሊት የከተማውን ባለ ዱቤ ሁሉ ዕዳ አስወደድኩት። ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አላለም። ለእሱ ሁሉም ነገር ትክክል ነው። (ዋጋውን ከየሽያጩ ጋር አለማስቀመጤ ሌላ ጥፋት ነበር። እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።)

ያን ዕለት እዚያው መደብር ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አስተካከልኩ። ከሐሙስ ማታ በፊት በተመዘገበው ሁሉ ላይ አንድ መደመር ነው። ከሐሙስ ማታ በኋላ የተመዘገበው ግን በአዲሱ ቁጥር ስለገባ መነካት የለበትም። ቀኑና ሰዓቱ ባይመዘገብ ኖሮ አሮጌውን ከአዲሱ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። ከዚያ እያንዳንዱን ከደብተሩ ጋር አመሳከርን። እትዬ ያነባሉ፣ እኔ አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስን። «በል ና፣ ምሳ ሳትበላ» ብለው ሽሮ አቀረቡልኝ። በዚያ ቀን ስለ ጥፋቴ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

ማታ በፋሲል ግቢ አጥር በኩል እየሄድኩ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ግቢውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ የፋሲል ግንብ ተሠራ። ከዚያ ኢያሱ የራሳቸውን ሠሩ። ከዚያ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ። እያንዳንዱ ሲመጣ ባዶ ቦታ ፈልጎ ከነበረው ጎን አቆመ። ለአዲሱ ግንብ ቦታ እንዲገኝ ተብሎ የፋሲል ግንብ አንድ ክንድ ፈቀቅ አላለም። እኔ ግን አዲሱን አናት ላይ ለማስቀመጥ የነበረውን ሁሉ ገፋሁ። አጥሩን ተደግፌ ይህንኑ ሳስብ ቆየሁ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠውም እንደ ግቢው ነው። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ገባ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ሆሄያት ተጨመሩለት። ሲጨመር ግን «ሀ» ከቦታዋ አልተነሣችም። ዩኒኮድ አንዴ ቁጥር የሰጠውን ፊደል አያነሣም፣ አያዛውርም። ለመጨመር ክፍት ነው፤ ለመቀነስና ለማዛወር ዝግ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬም የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢነም ነገር የከነከነው እኔን ብቻ አይደለም። ኢነምን ካስፋፉት ቋንቋዎች አንዱ ፓስካል ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት በፈረንጆቹ 1970 ያወጣው ቋንቋ ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ ስለ ፓስካል የተነገረኝ እዚህ ድረስ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ያወቅሁት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። ያው ቪርት በ1980ዎቹ መጨረሻ ኦቤሮን የሚባል ቋንቋ ሲሠራ ኢነምን አውጥቶ ጣለው። የኦቤሮን ዋና ሐሳብ አንዱ ሰው የሠራውን ሌላው ከውጭ ሆኖ ማስፋት እንዲችል ነበር። ኢነም ግን ከተጻፈበት ሞጁል (የፕሮግራም ክፍል) ውጪ ሆኖ ሊሰፋ አይችልም። የተዘጋ ነገር ነዋ። ይህን ሳነብ ልቤ ትንሽ አረፈ። በሌላ በኩል ጃቫ ለዓመታት ያለ ኢነም ኖሮ በፈረንጆቹ 2004፣ በአምስተኛው እትሙ አስገባው። ከዚያ በፊት ሰው በተራ ቁጥር ነበር የሚሠራው። ወር በቁጥር፣ ቀን በቁጥር። ወር የሚጠብቅ ቦታ ላይ 57 ቢገባ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። አንዱ ሲያወጣ ሌላው አስገባ። ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ፣ የሄድኩበት ሁሉ የተዘጋ ዝርዝር ማየት ጀመርኩ። ዝግ ነው ተብሎ የተጻፈ፣ ግን ያልተዘጋ።

ስልክ ውሰዱ። ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ሁሉ የሚጀምረው በ09 ነበር። ብዙዎቻችን ኮድ ውስጥ «በ09 ካልጀመረ ስልክ አይደለም» ብለን ጻፍን። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሳፋሪኮም አገልግሎት ጀመረ፤ 07 መጣ። ሰዎች ትክክለኛ ቁጥራቸውን እያስገቡ «የተሳሳተ ቁጥር» ሲባሉ አይቻለሁ። ሰውየው የገዛ ስልኩን የማያውቅ ይመስል። ብርም ላይ እንዲሁ ሆነ። በ2013 መስከረም 200 ብር ኖት ሲመጣ የካዝና ቆጠራ ቅጾች ላይ ቦታ አልነበረውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የክልል ጉዳይ ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን በስም ይዘረዝራል። ፕሮግራመር ሲያነበው «ይህማ ኢነም ነው» ይላል። ብዙዎቻችን እንደዚያው ጻፍነው። ችግሩ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አለማንበባችን ነው። እዚያው አንቀጽ 47 ላይ፣ ከዝርዝሩ ሥር፣ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ተጽፏል። የሚቋቋምበት ሥርዓትም ተቀምጧል። ዝርዝሩና ዝርዝሩ የሚለወጥበት መንገድ አንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው። በ2012 ሲዳማ አሥረኛ ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መጣ። በ2015 ነሐሴ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። ዛሬ 12 ክልል አለ። የክልል ብዛት ዘጠኝ ካልሆነ የማይነሣ ኮድ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኛ ጎንደሮች ደግሞ ይህን በቤታችን ነው የምናውቀው። ድሮ ሰሜን ጎንደር ይባል የነበረው ትልቅ ዞን ዛሬ ሦስት ነው። ደባርቅ ሰሜን ጎንደር ተብሎ ቀረ። እኛ ማዕከላዊ ጎንደር ሆንን። መተማ ምዕራብ ጎንደር ሆነ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ መዝገቡን ወደ አዲሱ እንዳዛውር ጠይቆኝ ነበር። መዝገቡ ላይ «ዞን፦ ሰሜን ጎንደር» ይላል። ይህ ሰው ዛሬ የት ነው? ደባርቅ ነው? መተማ ነው? ወረዳው ከተጻፈ ይታወቃል። ካልተጻፈ ምንም ዓይነት ኮድ አያወጣውም። አንድ ሦስት ሲሆን ኮምፒውተር በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ይባስ ብሎ የድሮው ስም ከአዲሶቹ የአንዱ ስም ሆኖ ቀጥሏል። ሳያስተውል ያለፈ ሰው የመተማን ሰው በሙሉ ደባርቅ ወስዶ ያሰፍረዋል።

ለዚህ ያገኘሁት መላ አለመሰረዝ ነው። እያንዳንዱ ክልል፣ እያንዳንዱ ዞን ቴብሉ ላይ የራሱ መስመር አለው። ከመቼ ጀምሮ እንደጸና፣ እስከ መቼ እንደቆየ ሁለት ቀን ይጻፍለታል። የድሮው ሰሜን ጎንደር አንድ መስመር ነው፤ ያለቀበት ቀን አለው። አዲሱ ሰሜን ጎንደር ሌላ መስመር ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ናቸው። አዲስ ሰው ሲመዘገብ ያለቀው አይታይም። የድሮ ሰው ሲነበብ ግን በተመዘገበበት ስም ይነበባል።

አያቴ ነፍሷን ይማር፣ ሰው ስትመርቅ «የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቁህ» ትል ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን «ቁጠሪልኝ» አልኳት። ጀመረች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ አበራ ጊዮርጊስ፣ ፊት ሚካኤል... ሠላሳ ገደማ ላይ ከጎረቤታችን ከመሪጌታ ጋር አልተስማሙም። እሳቸው የሚቆጥሩትን እሷ አትቆጥረውም። እሷ የምትቆጥረውን እሳቸው «እሱማ ኋላ የመጣ ነው» ይላሉ። 44 መሆኑ ላይ ግን ሁለቱም አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። በጣም ነው የምወዳት ይህችን ትዝታ። ዘጠኝ ካልሆነ አልነሣም የሚለውን ኮድ ሳይ እነሱ ትዝ አሉኝ። ቁጥሩን ማጽናት ሌላ፣ አባላቱን ማጽናት ሌላ ነው። ኮዱ ቁጥሩን ብቻ ይዞ አባላቱን የያዘ መስሎት ነበር።

ከጤፉ ጉድ በኋላ ፈራሁ። የፈራ ሰው ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጣል። ሁሉንም ክፍት አደረግሁት። የጤፍ ዓይነት ክፍት፣ መለኪያው ክፍት፣ የዱቤው ሁኔታ ሳይቀር ክፍት። «አልተከፈለም፣ በከፊል ተከፍሏል፣ ተከፍሏል» የሚሉት ሦስቱ ቴብል ላይ ገቡ፤ ማስተካከያ ቁልፍም አበጀሁላቸው። አንድ ቀን መደብሩ ውስጥ የምትሠራው ልጅ «ተከፍሏል» የሚለውን «ዘግቷል» ብላ ለወጠችው። ልክ ናት። ገበያው ላይ ሰው የሚለው እንደዚያ ነው። «ሒሳቡን ዘግቷል» ነው የሚባለው። ግን ኮዴ ውስጥ ዕዳውን ከድምሩ የሚያወጣው መስመር «ተከፍሏል» የሚለውን ቃል ነበር የሚፈልገው። ቃሉ ጠፋ። የከፈለ ሁሉ ባለ ዕዳ ሆኖ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ደግነቱ ለደንበኛ ሳይነገር በፊት ደረስንበት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የዱቤው ሁኔታ ኢነም መሆን ነበረበት። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ጤፉም ሦስት ነበር። ኮዱ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ስለሚያደርግ ነው። ያልተከፈለውን ይደምራል፣ በከፊል የተከፈለውን ይቀንሳል፣ የተከፈለውን ይተዋል። አራተኛ ሁኔታ ቢጨመር፣ ለምሳሌ «ምሕረት ተደርጎለታል» ቢባል፣ ምን ማድረግ እንዳለበት እኔ ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩለት ኮዱ አያውቅም። ያን ጊዜ ኮምፓይለሩ «ይህችን ረስተሃል» እንዲለኝ እፈልጋለሁ። አዲሶቹ ጃቫዎች ስዊች ኤክስፕሬሽን በሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ምርጫ መልስ በሚሰጠው የኮድ ክፍል ውስጥ ከኢነሙ አንዱን ብንዘለው አናሳልፍም ይላሉ፤ ሩስት የሚባለው ቋንቋም እንዲሁ። ሰውየው ማያ ገጹ ላይ የሚያየው ቃል ግን ሌላ ነገር ነው። «ዘግቷል» ይሁን «ተከፍሏል» ልጅቷ ትምረጥ። ውስጡ እኔ ጋ ይቆያል፤ ስሙ እነሱ ጋ ይሂድ።

ጤፉ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኮዴ ለነጭና ለቀይ የሚያደርገው ልዩነት የለም። ይመዝናል፣ ያባዛል፣ ይመዘግባል። የጤፍ ስም ለእኔ ኮድ ስም ብቻ ነው። የትኛው ጤፍ እንደመጣ፣ የትኛው እንዳለቀ፣ ገበያው ምን ብሎ እንደሚጠራው የሚያውቁት እትዬ ናቸው። ሰርገኛ ራሱ ነጭና ቀይ ፍሬ ተቀላቅሎ የበቀለ ነው። ቀዩ ምን ያህል ሲሆን ነው ሰርገኛ መባሉ ቀርቶ ቀይ የሚባለው? እትዬ እፍኝ አንሥተው መዳፋቸው ላይ ይዘረጉና ይናገራሉ። እኔ አልችልም። የማልችለውን ነገር ኮድ ውስጥ ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ነበር። እሳቸው በገዛ ሱቃቸው አንድ ጤፍ ለመጨመር እኔን መጥራት ነበረባቸው።

ስለዚህ ዛሬ ዝርዝር ሳይ «ይለወጣል ወይ?» ብዬ ብቻ አልጠይቅም። «የመለወጥ ሥልጣኑ የማን ነው?» እላለሁ። የጤፉ የእትዬ ነው። የክልሉ የሕግ ነው። የዱቤው ሁኔታ ስሌቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የእኔ ነው።

የማንም ያልሆነ ዝርዝርም አለ። ባሕረ ሐሳብ። ያ ጎረቤታችን መሪጌታ ዘመኑ የማን እንደሆነ በጣታቸው ቆጥረው ይናገራሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2015ን ውሰዱ። 7515 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆነች። ይህን ኮድ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። አምስተኛ ወንጌላዊ አይመጣም። ተራ ቁጥሩም እዚህ ቦታ ትርጉም አለው፤ ማርቆስ ከማቴዎስ ቀጥሎ የሚመጣው እኔ ስለደረደርኩት አይደለም። ኢነም ቤቱ እዚህ ነው። 13ቱ ወራትም እንዲሁ። በነገራችን ላይ የጃቫ አሮጌው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ከዲሴምበር ቀጥሎ ኡንደሲምበር የሚባል አሥራ ሦስተኛ ወር አለ። ፈረንጅ አይጠቀምበትም፤ በጨረቃ ለሚቆጥሩ ተብሎ የተቀመጠ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጳጉሜንን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ወደ እትዬ ልመለስ። ዝርዝሩን ለእሳቸው ከከፈትኩ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና ማለት አይደለም። ክፍት ዝርዝርም ዋጋ ያስከፍላል። ባለፈው ዓመት «ማኛ በዱቤ አይሰጥ» አሉኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ኮድ ውስጥ «ማኛ ከሆነ ዱቤ ከልክል» ብሎ መጻፍ ነበር። ቆም አልኩ። ያን ባደርግ ስሙን እንደገና ኮድ ውስጥ እቸነክረዋለሁ። ይልቅ ቴብሉ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «በዱቤ ይሰጣል?» የሚል። ማኛ ላይ አይሰጥም ብለው እሳቸው ምልክት አደረጉ። ነገ ሽምብራም ላይ ቢያደርጉት እኔን አይጠሩኝም።

ሌላው የፊደላችን ጣጣ ነው። አንድ ቀን ሪፖርቱ ላይ ሰርገኛ ሁለት ጊዜ መጣ። አንዱ 40 ኪሎ፣ አንዱ 300። ዓይኔን አሻሸሁ። እትዬ የጻፉት ሰርገኛ በእሳቱ ሰ ነው። ልጅቷ የጻፈችው ሠርገኛ በንጉሡ ሠ ነው። ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፊደል ነው። ኢነም ቢሆን ይህ ፈጽሞ አይደርስም ነበር። ስለዚህ አዲስ ስም ሲገባ ከነበሩት ጋር የሚያመሳክር ኮድ ጻፍኩ። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ፤ ሰ እና ሠ አንድ፤ አ እና ዐ አንድ፤ ጸ እና ፀ አንድ። ተመሳሳይ ካገኘ «ይህ አለ፤ እሱን ማለትዎ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እትዬ የጻፉትን ግን አይለውጥባቸውም። እነዚያን አራት የፊደል ቡድኖች የት እንዳስቀመጥኳቸው ልንገራችሁ? ኮድ ውስጥ፣ ተዘግተው። እነሱን ማንም በቁልፍ እንዲለውጣቸው አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ነበር። እትዬ ስልካቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ዝርዝሩ አሁን ስልካቸው ላይ ነው፤ አሥራ አንድ ዓይነት ጤፍ ደርሷል። የጎጃም ነጭ አለ፣ የደምቢያ ነጭ አለ፣ ማኛ አንደኛ አለ፣ ማኛ ሁለተኛ አለ። አንዱንም እኔ አልጻፍኩም።

«ልጄ፣ ቀይ ጤፍ ከእንግዲህ አልይዝም። ፈላጊው ቀነሰ። ላጥፋው?»

«አያጥፉት እትዬ። ይደብቁት። እዚህ ጋ ነው የሚነኩት።»

«ለምን? አልይዘውም እኮ እያልኩህ ነው።»

ስልኩን ተቀብዬ የቀይ ጤፍን መዝገብ ከፈትኩላቸው። በጣታቸው ወደ ታች እየገፉ አነበቡ። መጨረሻ ላይ አንድ ስም ጋ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው እንደገና አዩት።

«እንዴ፣ ይሄ ሰው ገና አልከፈለኝም!» አሉና ስልኩን ይዘው በሩ ጋ ወደቆመችው ልጅ ዞሩ።